ቅርብ ሽልማት፣ ሩቅ ኪሳራ፦ የሥራ ቦታ ውሳኔዎች ለምን ወደ ዛሬ ያዘነብላሉ?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፣ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች በየሦስት ወሩ ሒሳባቸውን ይፋ እንዲያደርጉ የሚያስገድደው ደንብ ቀርቶ ሪፖርቱ በየስድስት ወሩ እንዲሆን ጠየቁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በ2018ም አንሥተውት ነበር። የሚሰጡት ምክንያት ወጪ ይቀንሳል፣ ኃላፊዎችም ሩብ ዓመት ከመቁጠር ወጥተው ድርጅታቸውን በቅጡ ያስተዳድራሉ የሚል ነው። ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ የኖረውን ክርክር መልሶ ቀሰቀሰው፦ ድርጅቶችና ሠራተኞቻቸው ከነገ ጥቅም ይልቅ የዛሬውን ለምን ይመርጣሉ? ይህንስ ማስተካከል ይቻላል?

በዚህ ክርክር ውስጥ ነገሩን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም፣ «አርቆ አለማየት» እየተባሉ ይጠራሉ። አንደኛው፣ ሰው ራሱ ያወጣውን ዕቅድ ቀኑ ሲደርስ የሚያፈርስበት ውስጣዊ ዝንባሌ ነው። ሁለተኛው የክፍያና የምዘና ሥርዓት የሚፈጥረው ጥድፊያ ነው፤ በዚህኛው ሠራተኛው የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሦስተኛው ደግሞ «ነገ ትከፈላለህ» የሚለውን ቃል ካለማመን የሚመጣ ጥንቃቄ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሥራው ይዘገያል፣ ጥገናው ይታለፋል፣ ሪፖርቱ የይድረስ ይድረስ ይሠራል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ስለሆነ አንዱን ለሌላው የታዘዘ መፍትሔ አያድነውም።

ጊዜ ዋጋን እንዴት ያሳንሳል?

የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች የነገን ጥቅም ከዛሬው አሳንሶ ማየትን «የጊዜ ቅናሽ» ይሉታል። ማሳነሱ በራሱ ስሕተት አይደለም። ዛሬ የተገኘ ገንዘብ ይሠራበታል፣ ነገ ደግሞ ይዞት የሚመጣው አይታወቅም። ፖል ሳሙኤልሰን በ1937 ባቀረበው ቀመር ይህ ቅናሽ በየጊዜው በአንድ ዓይነት መጠን ይሄዳል፤ ማለትም ከዛሬ እስከ ነገ ያለው አንድ ቀንና ከመቶኛው ቀን እስከ መቶ አንደኛው ያለው አንድ ቀን እኩል ይመዝናሉ። ሳሙኤልሰን ራሱ ቀመሩ የሰውን እውነተኛ ጠባይ ይገልጣል ብሎ አልተከራከረም፤ ለስሌት የሚመች ስለሆነ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንደ እውነት ተይዞ ቆየ።

ሰዎች ሲጠየቁ የተገኘው መልስ ሌላ ነው። ሪቻርድ ታለር በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ 15 ዶላር አሁን ከመቀበል ይልቅ ለመቆየት ስንት ሊከፈላቸው እንደሚገባ ሰዎችን ጠየቀ። የመካከለኛው መላሽ ለአንድ ወር 20፣ ለአንድ ዓመት 50፣ ለዐሥር ዓመት ደግሞ 100 ዶላር አለ። ይህ ወደ ዓመታዊ ወለድ ሲቀየር ለአንድ ወሩ 345 በመቶ፣ ለአንድ ዓመቱ 120 በመቶ፣ ለዐሥር ዓመቱ ደግሞ 19 በመቶ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ሰው መጠበቅን የሚጠላው ከሁሉ በላይ በመጀመሪያው እርምጃ፣ «አሁን» ወደ «ቆይቶ» በሚለወጥበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ተራራቀም ተቀራረበም ልዩነቱ ብዙ አይሰማም።

ዴቪድ ሌይብሰን በ1997 ይህን ጠባይ በቀላል ቀመር አስቀመጠው። በእርሱ አገላለጽ ከአሁን ውጭ ያለ ማንኛውም ነገር በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ በየወሩና በየዓመቱ የሚቀንሰው ጥቂት በጥቂት ነው። ይህ «ለአሁን ማድላት» የሚባለው ነው። ውጤቱ የሐሳብ መገልበጥ ነው። አንድ ሠራተኛ በወር መጀመሪያ ላይ ሆኖ ሲያቅድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ዕለት ያንን ከባድ ሪፖርት እንደሚጀምር ከልቡ ያምናል፤ በዚያ ርቀት ሲታይ ድካሙም ጥቅሙም ሩቅ ስለሆኑ ጥቅሙ ይበልጣል። ሰኞ ሲደርስ ድካሙ «አሁን» ይሆናል፣ ጥቅሙ ግን እንደ ሩቅ ይቀራል። ዛሬ ነገ ማለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው በወሩ መጀመሪያ አልዋሸም፤ ሰኞ ዕለትም ሥራው ጥቅም እንደሌለው አላመነም። የሚመዝንበት ሚዛን ነው የተለወጠው።

ቴድ ኦዶናሁና ማቲው ራቢን በ1999 አንድ ጠቃሚ ልዩነት ጨመሩበት። ይህ ዝንባሌ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አለ፣ የማያውቅም አለ። የማያውቀው በየቀኑ «ነገ እጀምረዋለሁ» ይላል፣ በየቀኑም ያምነዋል፤ ስለዚህ ትንሽ የምትመስል መዘግየት ወራት ትፈጃለች። የሚያውቀው በአንጻሩ የነገውን ራሱን ስለማያምን አስቀድሞ ራሱን ማሰሪያ ይፈልጋል፦ ለሥራ ባልደረባው ቀን ቆርጦ ቃል ይገባል፣ ወይም ስብሰባውን አስቀድሞ ይጠራል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ አስፈላጊ ነው። በገንዘብ ምርጫ የሚታየው አድልዎና በድካም ምርጫ የሚታየው እኩል አይደሉም። ነድ ኦገንብሊክ፣ ሙሪየል ኒደርሌና ቻርልስ ስፕሬንገር በ2015 ባሳተሙት ሙከራ፣ ያው ሰው ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ለአሁን ማድላቱ እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ አሰልቺ ሥራን በቀናት መካከል አከፋፍል ሲባል ግን በግልጽ ታየ። ለሥራ ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በሥራ ቦታ በየዕለቱ የሚከፋፈለው ከገንዘብ ይልቅ ድካም ነው።

ደመወዝ ሲቃረብ እጅ ይፈጥናል

ይህ ከቤተ ሙከራ ውጭ እውነት ስለ መሆኑ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በሕንድ ማይሶር ከተማ የተካሄደ ጥናት ነው። ሱፕሪት ካውር፣ ማይክል ክሬመርና ሴንድሂል ሙላይናታን መረጃ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገቡ ሠራተኞችን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተሉ፤ ውጤቱንም በ2015 አሳተሙ። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነበር፣ ደመወዙ የሚሰጠው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ስሌቱ ቀጥተኛ ነው፤ ሰኞ የገባ አንድ መስመርና ዓርብ የገባ አንድ መስመር የሚያስገኙት ገንዘብ እኩል ነው። ይሁን እንጂ በደመወዝ ቀን የሚገኘው ምርት ከሳምንቱ መጀመሪያ በ8 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የሥራው ዋጋ ሳይለወጥ፣ ክፍያው ስለ ቀረበ ብቻ ጣት ፈጠነ።

ከዚያ በኋላ የቀረበው ምርጫ ነገሩን የበለጠ ይገልጠዋል። ሠራተኞቹ ከፈለጉ ለዕለቱ የራሳቸውን ግብ እንዲያስቀምጡ ተፈቀደላቸው። ግቡን ከደረሱ የተለመደውን ክፍያ ያገኛሉ፤ ካልደረሱ ግን ክፍያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ውል ውስጥ ምንም ተጨማሪ ጥቅም የለም፣ ቅጣት ብቻ ነው ያለው። ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚገዛ ሰው ግቡን ዜሮ ቢያደርግ ያዋጣዋል። ሠራተኞቹ ግን ከመቶ 36 ያህሉን ጊዜ ከዜሮ በላይ የሆነ ግብ መረጡ። ምርጫው መቅረቡ ብቻ ምርትን በ2 በመቶ ገደማ አሳደገ፤ ደመወዝ ሲቃረብ እጃቸው ይበልጥ በሚፈጥነው ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ ጭማሪው 9 በመቶ ደረሰ።

ከዚህ ጥናት የሚወሰደው ነገር «ሠራተኛ ሰነፍ ነው» የሚል ከሆነ ጥናቱ ፈጽሞ አልተነበበም። ሰዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ራሳቸውን ለቅጣት አጋልጠዋል፤ የተሻለ መሥራት ይፈልጉ ነበር፣ ነገር ግን የሚፈልጉትና ጠዋት የሚያደርጉት እንደማይገጥም ያውቁ ነበር። ለሥራ አመራር ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስላል፦ ችግሩን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ራሱ ነው፤ የሚያስፈልገው ከመቆጣጠር ይልቅ የሚይዘው ነገር ነው።

ያልተሰበረ ማሽን ማንም አያይም

የድርጅት ውሳኔ ሲታይ ነገሩ ከግለሰብ ጠባይ ያልፋል። አንድ የጥገና ኃላፊ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ቆሞ እናስብ። ከማምረቻው ማሽኖች በአንዱ ላይ ያለው ኩሽኔታ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ባለሙያው እጁን ሲያስጠጋ ሙቀቱ ይሰማዋል፤ ግራሶ ቢጨመርም ድምፁ ለሁለት ቀን ጠፍቶ ይመለሳል። መቀየር ማሽኑን ለስድስት ሰዓት ማቆም ማለት ነው፤ የስድስት ሰዓት ምርት ከሩብ ዓመቱ ቁጥር ይጎድላል፣ የዕቃውም ዋጋ ከዚሁ ሩብ ዓመት በጀት ይወጣል። ካልተቀየረ ምናልባት አምስት ሳምንት ይቆያል፣ ምናልባትም አምስት ወር። ሲሰበር ግን ዘንጉን ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ የሚቆመው ሥራ ለስድስት ሰዓት ሳይሆን ለቀናት ነው።

ኃላፊው ቢቀይረው የሚታየው ወጪውና የቆመው ምርት ብቻ ነው። የተወገደው አደጋ ስላልደረሰ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ባይቀይረውና ቢሰበር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማሽኑን ያስነሣው ሰው በስብሰባ ላይ ይመሰገናል። ኔልሰን ሬፐኒንግና ጆን ስተርማን በ2001 ባሳተሙት ሥራ ይህን ዑደት በዝርዝር አሳይተዋል። ጥገናና ሥልጠና ሲቀነስ ውጤቱ ወዲያው ይሻሻላል፤ ምክንያቱም ለእነዚያ ይውል የነበረው ሰዓት ወደ ምርት ይዞራል። አቅሙ የሚዳከመው ግን ቀስ ብሎ ነው። ሲዳከም ብልሽት ይበዛል፣ ብልሽት ሲበዛ እሳት ማጥፋት፣ ማለትም ለተሰበረው ሁሉ መሯሯጥ፣ ይበዛል፣ እሳት በማጥፋት የተጠመደ ክፍል ደግሞ ለጥገና የሚተርፈው ሰዓት ከበፊቱ ያነሰ ነው። የዚህ ወጥመድ ክፉ ባሕርይ መጀመሪያ ላይ ትክክለኛ ውሳኔ መምሰሉ ነው፤ ቁጥሩ ለወራት ሲያድግ ያየ ሰው «ተሳስተሃል» ቢባል አያምንም።

በሶፍትዌር ሥራ ይኸው ነገር ስም ካገኘ ቆይቷል። ዋርድ ከኒንግሃም በ1992 «ዕዳ» ብሎ ጠራው። ፕሮግራሙን ቶሎ ለማድረስ በጥድፊያ የተጻፈ ክፍል እንደ ብድር ነው፤ ቶሎ ታርሞ ካልተከፈለ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ነገር ወለድ ያስከፍላል። ከኒንግሃም ብድሩን አልኮነነም፤ ቶሎ ማድረስ ብዙ የሚያስተምርበት ጊዜ አለና። ችግሩ በሥራ ቦታ ብዙውን ጊዜ ብድሩን የሚወስደውና ወለዱን የሚከፍለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው።

በላይኛው የአመራር እርከን ያለው ሁኔታም ከዚህ አይለይም። ጆን ግራሃም፣ ካምቤል ሃርቪና ሺቫ ራጅጎፓል 401 የፋይናንስ ኃላፊዎችን ጠይቀው በ2005 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ከመላሾቹ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት፣ የትርፍ ግብ ላለመሳት ሲሉ ለምርምርና ልማት፣ ለማስታወቂያ ወይም ለጥገና የሚወጣውን ወጪ እንደሚቀንሱ ተናገሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ትንሽም ቢሆን የድርጅቱን ዋጋ የሚጎዳ መሆኑን እያወቁ አዲስ ፕሮጀክት እንደሚያዘገዩ ገለጹ። እነዚህ ሰዎች የወደፊቱን ማስላት ሥራቸው የሆነ፣ ስለ ጊዜ ቅናሽ ከማንም የበለጠ የሚያውቁ ናቸው። ለሚያውቅ ሰው «አርቀህ እይ» የሚል ምክር ምን ይጨምርለታል?

መለኪያው ራሱ ሲያጣድፍ

ኢያን ላርኪን በ2014 ባሳተመው ጥናት የአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ሻጮችን ሽያጭ መረመረ። ሻጮቹ ኮሚሽን የሚያገኙት በየሩብ ዓመቱ ሲሆን፣ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ብዙ የሸጠ ሰው የኮሚሽኑ መጠን በፍጥነት ያድግለታል። ሻጮቹ በዚህ መሠረት ውሎችን አንዳንዴ ወደ ፊት ገፉ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ኮሚሽን በሚያስገኝላቸው ሩብ ዓመት ውስጥ ለመዝጋት ሲሉም ለደንበኛው ዋጋ ቀነሱ። በጥናቱ ስሌት ይህ ኩባንያውን ከገቢው ከ6 እስከ 8 በመቶ አስወጥቶታል። እዚህ ላይ ራስን መግዛት ያቃተው ሰው የለም። እንዲያውም ሻጩ ውሉን ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲያሻግር በትዕግሥት ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን የኮሚሽኑን ሠንጠረዥ ነው።

ነገሩ ሲከፋ እስከ ምን እንደሚደርስ የዌልስ ፋርጎ ባንክ ታሪክ ያሳያል። በሴፕቴምበር 2016 የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች፣ የባንኩ ሠራተኞች የሽያጭ ግብ ለማሟላት ሲሉ ደንበኞች ሳያውቁ ሒሳብና የክሬዲት ካርድ ይከፍቱ እንደነበር አስታውቀው በባንኩ ላይ 185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣሉ። ወደ 5,300 የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተው ነበር። ያለ ፈቃድ ተከፍተው ሊሆን ይችላል የተባሉት ሒሳቦች ቁጥር በመጀመሪያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ተብሎ በ2017 ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ በ2020 ደግሞ ባንኩ ክሶቹን ለመዝጋት 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ግቡ በቅርብ ርቀት እየተቆጠረ ያስጨንቅ ነበር፤ የደንበኛ አመኔታ ግን በየዕለቱ የሚቆጠርበት ሰሌዳ አልነበረውም።

ትዕግሥት ማጣት ወይስ ትክክለኛ ስሌት?

ሦስተኛው ምክንያት፣ «ነገ ትከፈላለህ» የሚለውን ቃል አለማመን፣ በሕዝብ ንግግር ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ቦታ የሚሰጠው ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ግን እርሱ ይመስላል። ስለ ትዕግሥት ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ዋልተር ሚሼል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ በሕፃናት ላይ ያካሄደው ሙከራ ነው። አንድ ጣፋጭ አሁን፣ ወይም ጥቂት ከጠበቅህ ሁለት። በ1990 በታተመ ተከታይ ጥናት ረዘም ያለ ጊዜ የጠበቁት ልጆች በኋላ በትምህርት የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው ተገለጸ፤ ከዚያ ወዲህ ትዕግሥት የስኬት ቁልፍ ነው የሚለው ትርጓሜ በአመራር ሥልጠናዎች ሳይቀር ተስፋፋ።

በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ በሚሆኑ ልጆች ላይ ጉዳዩን መልሰው ሲመረምሩ ግንኙነቱ ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ፤ የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ የቀደመ ችሎታ ሲታሰቡ ደግሞ ከዚያም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ በ2013 ያሳተሙት ሙከራ ሌላ ነገር ያሳያል። 28 ሕፃናት ከጣፋጩ በፊት ከአንድ አዋቂ ሰው የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚመጣላቸው ቃል ተገባላቸው። ለግማሾቹ ቃሉ ተፈጸመ፣ ለግማሾቹ ግን ሰውየው ባዶ እጁን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በጣፋጩ ሲፈተኑ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ ቃል የታጠፈባቸው ግን 3 ደቂቃ።

የሙከራው ተሳታፊ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሊጫንበት አይገባም፤ ነገር ግን ሐሳቡ በሥራ ቦታ ለማየት አስቸጋሪ አይደለም። ዕድገት ተስፋ ተሰጥቶት ኃላፊው ሲቀየር ተስፋው የተረሳበት ሠራተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥልጠናውን ትቶ ትርፍ ሰዓት ቢመርጥ ልምዱ ያስተማረውን እየሠራ ነው። የስድስት ወር ውል ያለው ሰው በሦስት ዓመት ለሚያፈራ ማሻሻያ ማታ ማታ የማይደክምበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኃላፊዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል እንደሚዛወር የሚያውቅ ሰው በአምስተኛው ዓመት የሚመጣውን ፍሬ የሚለቅመው ሌላ ሰው መሆኑን ያውቃል። እነዚህን ሰዎች ስለ ትዕግሥት ማሠልጠን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስሌታቸው ላይ ስሕተት የለምና።

የሪፖርቱ ክርክር የት ላይ ይቆማል?

በአሜሪካ ዓመታዊ ሪፖርት በ1934 ተጀምሮ፣ በ1955 የስድስት ወር፣ በ1970 ደግሞ የሦስት ወር ሪፖርት ግዴታ ሆነ። አርተር ክራፍት፣ ራሁል ቫሺሽታና ሞሃን ቬንካታቻላም በ2018 ባሳተሙት ጥናት በ1950 እና በ1970 መካከል ሪፖርት እየተደጋገመ ሲሄድ ኩባንያዎች ኢንቨስትመንታቸውን መቀነሳቸውን አገኙ። ይህ ሪፖርቱ በየስድስት ወሩ ይሁን የሚለውን ለውጥ ለሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ ነው።

የብሪታንያ ልምድ ግን ሌላ ይናገራል። እዚያ በየሩብ ዓመቱ መዘገብ በ2007 ግዴታ ሆኖ በ2014 ተነሣ። ሮበርት ፖዘን፣ ሱሬሽ ናላሬዲና ቀደም ሲል የተጠቀሰው ራጅጎፓል በ2017 ባወጡት ጥናት ግዴታው ሲገባም ሲነሣም በኩባንያዎች የኢንቨስትመንት መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ከዚህም በላይ፣ ግዴታው ከተነሣ በኋላ እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያቆሙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ለውጡን የሚቃወሙ ወገኖች በዚህ ላይ የባለሀብቶችን ጥቅም ይጨምራሉ፤ ሪፖርት ሲርቅ መረጃው ለውስጥ ሰዎች ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ ይረዝማል፣ ትንንሽ ባለአክሲዮኖችም ይጎዳሉ።

ሁለቱ ውጤቶች የግድ አይጋጩም። የመጀመሪያው የሚያየው ሌላ ዘመንና ሌላ ገበያ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ኃላፊዎች ከሪፖርቱ ውጭ በብዙ ሌላ ገመድ ከቅርብ ጊዜ ውጤት ጋር ታስረው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ግምት፣ የሪፖርቱ ድግግሞሽ ብቻውን ሲለወጥ፣ ቦነስና ሹመት ከምን ጋር እንደ ተያያዙ ካልተነካ፣ ለውጡ ትንሽ ይሆናል የሚል ነው። የዓመቱ ቦነስ በትርፍ ግብ ላይ የተንጠለጠለበት ሰው፣ ሒሳቡ ለሕዝብ በሦስት ወርም ወጣ በስድስት ወር፣ ያንኑ ጥገና ያዘገያል።

ምን ይሠራል፣ እስከ ምን ድረስ?

ለመጀመሪያው ዓይነት ችግር፣ ማለትም ሰው የራሱን ዕቅድ ለሚያፈርስበት፣ በደንብ የተፈተኑ መንገዶች አሉ። ሪቻርድ ታለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ ለጡረታ ተጨማሪ መቆጠብ ያልፈለጉ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ቁጠባቸው ከዛሬ ሳይሆን ወደ ፊት ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር ከፍ እንዲል እንዲስማሙ ተጠየቁ። ከተጠየቁት 78 በመቶ ተስማሙ፤ በ40 ወር ውስጥም ቁጠባቸው ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ። ዘዴው ለአሁን ማድላትን አልታገለም፤ መሥዋዕትነቱን ሁሉ ሩቅ በሆነበት ቀን አስወስኖ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ እንዲቀጥል አደረገው። ቅርብ ሽልማትንም ጠላት ማድረግ አያስፈልግም። ኬትሊን ዎሊና አየለት ፊሽባክ በ2017 እንዳሳዩት ሰዎች በረጅም ጊዜ ግባቸው የሚጸኑት በመንገዱ ላይ ወዲያው የሚያገኙት ደስታ ሲኖር ነው። ረጅም ሥራን በሚታዩ ደረጃዎች ከፍሎ እያንዳንዱ ሲጠናቀቅ እውቅና መስጠት ከዚህ የተነሣ ይጠቅማል፤ ደረጃው እውነተኛ የሥራ ክፍል ከሆነ።

ለሁለተኛው፣ የክፍያና የምዘና ሥርዓት ለሚፈጥረው ጥድፊያ፣ የሚሰጠው መልስ ክፍያን ማዘግየት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2008 የፋይናንስ ቀውስ በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ፣ የባንኮች ቁልፍ ኃላፊዎች ቢያንስ 40 በመቶ የሚሆነው ቦነሳቸው ለተወሰኑ ዓመታት ተይዞ እንዲቆይ ደነገገ። ይህም የራሱ ወጪ አለው። ቦነሱን የሚጠብቀው ሰው የዘገየውን ገንዘብ አሳንሶ ስለሚያየው ድርጅቱ ያንኑ ያህል ለማስደሰት ብዙ መክፈል ይኖርበታል፤ ቃሉን የማያምን ሠራተኛ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ችግር ባለበት ድርጅት ውስጥ ሁለተኛውን ክፍያ በማዘግየት ማከም ነገሩን ያባብሰዋል። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ትንንሽ ቃሎችን በቀናቸው መፈጸም ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የተባለው የሥልጠና ቀን፣ የተጻፈው የዕድገት መስፈርት።

ጥገናን በተመለከተ ሌላ መንገድም አለ፤ ወጪውን ማዘግየቱን ራሱን በዚያው ሪፖርት ላይ እንዲታይ ማድረግ። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሳይሠራ የቆየ ጥገናና እድሳት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ገምተው ከዓመታዊ የፋይናንስ ሪፖርታቸው ጋር እንዲያቀርቡ የመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ደንብ ያስገድዳቸዋል። በዚህ ዓይነት አሠራር ያ የሚጮኸው ኩሽኔታ ባልተቀየረበት ሩብ ዓመት ውስጥ ቁጥር ይሆናል፤ የዳነው ገንዘብ በአንድ ዓምድ፣ የተሸጋገረው ዕዳ በሌላ ዓምድ ይጻፋል። ግምቱን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ያው ጥገናውን ያዘገየው ክፍል መሆኑ ግን ደካማ ጎኑ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከማሽኑ የብልሽት መዝገብ ጋር የሚያመሳክር፣ ቦነሱም ከዚያ ሩብ ዓመት ምርት ጋር ያልተያያዘ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።